ሁለት እግር አለኝ ተብሎ…

«ጋሼ፣ 18 ዓመቴ ነው። የምኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። ፒያኖ የጀመርኩት በ7 ዓመቴ ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ ኦርጋን እማራለሁ፤ ያንን ትልቁን፣ ባለ ቧንቧውን። የእኛ የሐበሾቹ ቤተ ክርስቲያን እሁድ ከሰዓት የሚሰበሰበው የጀርመኖችን ሕንፃ ተከራይቶ ነው። ኦርጋኑ እዚያው ፎቅ ላይ አለ። አንድ ቀን ተደብቄ ስነካካው ካንቶሩ፣ ማለትም የጀርመኖቹ ቤተ ክርስቲያን የሙዚቃ ኃላፊ፣ ያዘኝ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ማስተማር ጀመረ።

በቅርቡ ኮንሰርት አለኝ። በአንድ ምሽት ፒያኖም ኦርጋንም እጫወታለሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ እኔ ፒያኖ፣ ካንቶሩ ኦርጋን ሆነን አብረን አንድ ሥራ አለን። ፈርቻለሁ። ባለፈው እንዲህ ስሞክር ከፒያኖው ተነስቼ ኦርጋኑ ላይ ተቀመጥኩ። ቀኝ እግሬ ሳላስበው የፒያኖውን ፔዳል ፈለገ። የረገጥኩት ግን የኦርጋኑን የእግር ቁልፍ ነበር። ዜማው ገና በቀስታ ሲጀምር ከሥር እንደ ነጎድጓድ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

የፒያኖ አስተማሪዬ ‹ኦርጋኑ እጅሽን እያበላሸው ነው፣ ድምፅሽ ደረቀ› ትላለች። ካንቶሩ ደግሞ ‹ቁልፉን አትምቺው፣ ይሄ ፒያኖ አይደለም› ይለኛል። እማዬ ‹ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፣ አንዱን ያዢ› ትላለች። አንዳንዴም ‹ኦርጋን ከሆነ ያማረሽ ቤት ያለው ምን ሆነ?› ትለኛለች። የኳየሩ ሰዎችም በየሳምንቱ ኪቦርድ ስለማልጫወት ተቀይመውኛል። በሚቀጥለው ዓመት ለከፍተኛ ትምህርት ማመልከት አለብኝ። የቱን ልተው?

ሁለት ዛፍ ነኝ»

ሰላም ሁለት ዛፍ፣

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሻይ እየጠጣሁ ነው። ነጎድጓዱ ጋ ስደርስ ሻዩ ትን አለኝ። አትቀየሚኝ፤ የሳቅኩት ራሴ ትዝ ብሎኝ ነው። እኔ አዲስ አበባ ለዓመታት የሠርግ ኦርጋን ተጫዋች ነበርኩ። ውጭ አገር ሄጄ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባለ ቧንቧውን እንድሞክር ፈቀዱልኝ። ተቀመጥኩ፣ ተጫንኩ። ዝም። ጠንከር አድርጌ ተጫንኩ። አሁንም ዝም። «ተበላሽቷል» ብዬ በልበ ሙሉነት ተናገርኩ። ለካ ነፋስ የሚሰጠው ሞተር አልተከፈተም፤ አንድም የድምፅ መምረጫ አልተሳበም። ሰውዬው ምንም ሳይል ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግርሽም። ያንቺ ነጎድጓድ ከእኔ ጋር ሲተያይ ካፊያ ነው።

መጀመሪያ የእናትሽን ነገር እንፍታው፤ ቀላሉ እሱ ነው። አንቺና እናትሽ የምታወሩት ስለ አንድ ዕቃ አይደለም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ኦርጋን» ሲባል የሚታየው ኪቦርድ ነው፤ በሠርግም በአምልኮም ጥግ ላይ ቆሞ ሶኬት የሚሰካው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሆቴል ሲጫወት ኃይሉ መርጊያ የሚነካው የኤሌክትሪክ ኦርጋን ነበር። ስሙም ከነዚያ መሣሪያዎች ወደ ዛሬው ኪቦርድ የተላለፈ ይመስለኛል። እንግዲህ «ኦርጋን መማር እፈልጋለሁ» ስትዪያቸው እናትሽ የሚያስቡት ቤት ያለውን ኪቦርድ ነው። እሱን ደግሞ ድሮ ገዝተውልሻል። «ምን ጎደለባት?» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ተረቱን ግን በአክብሮት መልሺላቸው። ኦርጋን ሁለት እግር ያለው ሰው የሚወጣበት ዛፍ ነው። ጀርመን ውስጥ ባሉት ላይ የእግር ቁልፎቹ አብዛኛውን ጊዜ 30 ናቸው። ባሱን የሚጫወቱት እግሮችሽ ናቸው፤ በጣትና በተረከዝ፣ ወደ ታች ሳታዪ። አንድ እግር ይዞ እዚያ መውጣት አይቻልም።

አሁን ወደ አስተማሪዎችሽ። ማን ልክ ነው? ሁለቱም። ችግሩ ፒያኖና ኦርጋን ፊታቸው አንድ መሆኑ ነው። ነጭና ጥቁር ቁልፍ ስለተደረደረ ዓይን ወንድማማች ናቸው ብሎ ይፈርዳል። ጆሮ ግን ሌላ ይላል። ፒያኖ የክራር ዘመድ ነው፤ ኦርጋን የዋሽንት። ፒያኖ ውስጥ መዶሻ ሽቦ ይመታል። ድምፁ የሚወለደው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ከዚያ በኋላ መሞት ብቻ ነው ሥራው። ስለዚህ ፒያኖ ተጫዋች ሐሳቡ ሁሉ አመታቱ ላይ ነው፣ ስንት ክብደት፣ ምን ያህል ፍጥነት። ኦርጋን ውስጥ ግን ቁልፉ የሚከፍተው የነፋስ በር ነው። በሩ እስኪዘጋ ድምፁ እንዳለ ይቆያል። በቁጣ ብትመቺው በፍቅር ብትነኪው የድምፁ ጉልበት ያው ነው። ዋሽንት ነፊ ትንፋሹን መቼ እንደሚያቋርጥ እንደሚያስብ፣ ኦርጋን ተጫዋችም ጣቱን መቼ እንደሚያነሳ ያስባል። ድምፁ ሲያልቅም እንደ ሲጀምር ጎልቶ ይሰማል።

ከዚህ ተነስተሽ ሁለቱን ወቀሳዎች እያቸው። «ድምፅሽ ደረቀ» ማለት ከኦርጋን መጥተሽ ክብደትሽን ረስተሻል ማለት ነው። ሁሉንም ድምፅ እኩል እየሰጠሽ ነው፤ ዜማውና አጃቢው አልተለዩም። «አትምቺው» ማለት ደግሞ ከፒያኖ መጥተሽ ቁልፉን በኃይል ለማስጮህ እየሞከርሽ ነው ማለት ነው። ኦርጋን ላይ አንድን ድምፅ ማጉላት ከፈለግሽ ከሱ በፊት ያለውን ትንሽ አሳጥሪው። ያቺ የዝምታ ቅንጣት ናት የምታጎላው። ደግሞ ፒያኖ ላይ ድምፆችን የሚያያይዝልሽ የእግር ፔዳል ኦርጋን ላይ የለም። ማያያዝ የጣት ሥራ ነው፤ ቁልፉን ሳትለቂ በአንዱ ጣት ቦታ ሌላውን መተካት። ካንቶሩ ይህን አሳይቶሽ ይሆናል። አሰልቺ ነው አይደል? ግን ፒያኖሽንም የሚያተርፈው እሱ ነው። በፔዳል ስትሸፍኚ የኖርሽውን ሁሉ ያጋልጠዋል።

ስለዚህ እጅሽ አልተበላሸም። እጅሽ ሁለት ቋንቋ እየተማረ ነው፤ አሁን ያለሽው ቃላቱ በሚቀላቀሉበት ዕድሜ ላይ ነው። አንቺ ከአማርኛ ወደ ጀርመንኛ ስትገቢ መሃል ላይ የሚፈጠረውን ጉድ ታውቂዋለሽ። ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ልምምድሽን እንዲህ ብታደርጊው እላለሁ። ፒያኖ በየቀኑ፣ ጊዜው ቢያንስም። የክብደት ስሜት ቶሎ ይጠፋልና። ኦርጋን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ግን ረጅም ሰዓት፤ ቁልፍ ተቀብለሽ፣ ደረጃ ወጥተሽ፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ መጫወት ኪሳራ ነው። በቀሪው ቀን የኦርጋኑን የእጅ ክፍል ቤት ፒያኖ ላይ ያለ ፔዳል አጥኚው። እግርሽን ወለሉ ላይ አንቀሳቅሺ። ይህ አያሳፍርም። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ መኪናው ውስጥ ይዞ፣ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር።

አንድ መልመጃ ደግሞ ከእኔ ውሰጂ። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባህ ከጻፋቸው፣ «ኢንቬንሽን» ከሚባሉት ባለ ሁለት ድምፅ ሥራዎች አንዱን ምረጪ፤ አጭርና የምታውቂውን። በአንድ ቀን በሁለቱም መሣሪያ ተጫወቺው። በስልክ ቅጂውና እየሄድሽ ስሚው። የት ቦታ ላይ ፒያኖው ተናግሮ ኦርጋኑ እንዳጉረመረመ፣ የት ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ እንደሆነ ታገኚዋለሽ። ሁለት ሳምንት ይበቃል። አስተማሪዎችሽ ለውጡን ሳትነግሪያቸው ያውቁታል።

ባህ ካልኩ አይቀር፣ እሱም በዚህ መንገድ አልፏል። በ18 ዓመቱ፣ ልክ ባንቺ ዕድሜ፣ በ1703 እ.ኤ.አ. አርንሽታት የሚባል ከተማ ኦርጋኒስት ሆኖ ተቀጠረ። ፒያኖ ያኔ ገና እንግዳ ነገር ነው። ኋላ ጎትፍሪድ ዚልበርማን የተባለ ስመ ጥር የኦርጋን ሠሪ ፒያኖም መሥራት ጀመረና ለባህ አሳየው። ባህ ድምፁን ቢወደውም ቁልፉ ይከብዳል፣ ላይኛው ድምፅ ደካማ ነው ብሎ ነቀፈው። ዚልበርማን ተቀየመ። ግን ሄዶ አሻሻለው፤ ባህም ኋላ ወደደለት። በ1747 እ.ኤ.አ. ፖትስዳም በፕሩሲያ ንጉሥ ፊት በዚልበርማን ፒያኖዎች ላይ ተጫውቷል፤ የ62 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ። ኦርጋኑም ፒያኖውም ከአንድ ወርክሾፕ መውጣታቸው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ሩቅ ነው ካልሽ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አሉልሽ። እሳቸውን ሁሉም የሚያውቃቸው በፒያኖ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም አረፉ። ግን በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሸክላ ላይ ባለ ቧንቧ ኦርጋንም ሲጫወቱ ይሰማል። እናትሽ ፊት ክፈቺው። ካንቶሩም እንዲሰማው እመክራለሁ።

ወደ ኮንሰርቱ እንምጣ። ፒያኖው ይቅደም። ፒያኖ ትኩስ ጡንቻ ይፈልጋል፤ ከኦርጋን ቀጥሎ ስትቀመጪበት ነው ድምፅሽ የሚደርቀው። ከፒያኖው በኋላ ዕረፍት ይኑር፣ 20 ደቂቃ ያህል። ያንን ዕረፍት ሰው ሰላም በማለት አትጨርሺው። አክስቶችሽ ይጠብቃሉ። ቀጥታ ወደ ላይ ውጪ።

ነጎድጓዱን የሚያስቀርልሽ ጫማ ነው። የኦርጋን ጫማ አለሽ? ከሌለሽ ግዢ፤ ሶሉ ስስ ቆዳ የሆነ፣ ተረከዝ ያለው፣ ጠበብ ያለ። ፒያኖውን በሌላ ጫማ ተጫወቺ፤ ኦርጋኑ ጋ ስትደርሺ ቀይሪ። እግር ከጫማ ይማራል። የፒያኖውን ጫማ ስታወልቂ የፒያኖውን ፔዳልም አብረሽ ታወልቂዋለሽ። ከዚያ ተቀመጪና ሁለቱንም እግሮችሽን ከወንበሩ ሥር ያለው እንጨት ላይ አሳርፊያቸው። የመጀመሪያው የእግር ድምፅ እስኪመጣ ከዚያ አይነሱ። የሚስቅብሽ ሰው ቢኖር «ጋሼ ነው ያለኝ» በይ።

የድምፅ ምርጫውን ሁለት ቀን ቀድመሽ ጨርሺ። ኦርጋኑ ምርጫውን የሚያስታውስ መሣሪያ ካለው መዝግቢው፤ ከሌለው የድምፅ መምረጫውን የሚስብልሽ ሰው አጠገብሽ አቁሚ፤ እሱም ተለማምዶ ይምጣ እንጂ የዚያን ዕለት አይማር። ባዶ ቤተ ክርስቲያን ሲያስተጋባና ሰው ሲሞላው አንድ አይደለም፤ ልብስና ሰውነት ድምፅ ይጠጣል። ቢሆንም ድንጋይ ሕንፃ ነውና ፒያኖውን ስትጫወቺ ፔዳሉን ከቤትሽ ያነሰ ተጠቀሚ። ባሱን ቀለል አድርጊው። አለዚያ የሚሰማው ሾርባ ነው።

አብራችሁ ለምትጫወቱት አንድ ነገር አስታውሺ። ኦርጋን ሲበርደው ድምፁ ይወርዳል። ሕንፃው ከ20 ዲግሪ ወደ 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የግማሽ ቶን (ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው የድምፅ ርቀት) ሲሶ ገደማ ይወርዳል፤ ፒያኖው ደግሞ እንደዚያ አብሮት አይወርድም። ልዩነቱ ማንም ይሰማዋል። ስለዚህ ማሞቂያው ለኮንሰርቱ የሚከፈተውን ያህል ተከፍቶ፣ ፒያኖው በዚያው ቀን ለኦርጋኑ ይቃኝ። ኦርጋኑን ለፒያኖ እንቃኝ የሚል ካለ ስንት መቶ ቧንቧ እንዳለ ይቁጠር። ደግሞ ቧንቧዎቹ ከራቁ ድምፁ ዘግይቶ ነው ወደ አንቺ የሚመጣው። ካንቶሩን በጆሮ ብቻ አትከተዪ፤ የምትተያዩበት ነገር ይኑር፣ መስታወትም ቢሆን።

የኳየሩ ነገር። እዚህ ላይ ትንሽ እቆጣሻለሁ። «ተቀይመውኛል» አልሽ እንጂ ምን እንዳልሻቸው አልጻፍሽም። ዝም ብለሽ ቀርተሽ ከሆነ መቀየማቸው ልክ ነው። ሄደሽ አናግሪያቸው። «በወር ሁለት እሁድ እመጣለሁ፣ አንዱን ታዳጊ ደግሞ አስተምራለሁ» በያቸው። ቀን የተቆረጠለት ነገር ሰው ይቀበላል። ከቻልሽ ሌላም አድርጊ። አንድ እሁድ፣ ካንቶሩን አስፈቅደሽ፣ አንዱን ዝግ ያለ የአማርኛ መዝሙር በትልቁ ኦርጋን አጅቢላቸው። ፈጣኑን አትሞክሪ፤ ጭብጨባውና የኦርጋኑ መዘግየት ይጣላሉ። በትዝታ ቅኝት ያለ ይሻላል። «ስምንት ጫማ» የሚባለውን (ጫማው እዚህ የቧንቧ ርዝመት መለኪያ ነው) የዋሽንት ዓይነት ድምፅ ብቻ ክፈቺ፣ እግርሽ ከሥር አንዱን ድምፅ ይዞ ይቆይ። አንቺሆዬ ቅኝት ለዚያ ሕንፃ አይመችም፤ የተጠጋጉት ድምፆች ማስተጋባቱ ውስጥ ይጋጫሉ። ይህን በራሴ ላይ ደርሶ ነው የማውቀው።

«የቱን ልተው?» ላልሽው ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ፒያኖ የጻፍሽው ስንት ዓመት እንደተማርሽና አስተማሪሽ ምን እንዳለችሽ ነው። ስለ ኦርጋኑ ግን ተደብቀሽ እንደነካሽው ነግረሽኛል። አስተውለሻል? እኔ ከዚህ ተነስቼ አልፈርድልሽም። ግን አንቺም እስቲ አንዴ መልሰሽ አንብቢው።

ደግሞ የምትኖሪበት አገር ምርጫውን ያን ያህል አላጠበበብሽም። ጀርመን ውስጥ 50,000 ገደማ ኦርጋኖች አሉ፤ የኦርጋን ሥራና ሙዚቃው በ2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዝግቧል። የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች «ኪርሸንሙዚክ» የሚሉት ትምህርት አላቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ማለት ነው። ፍራንክፈርት ያለውም ያስተምረዋል። የመግቢያ ፈተናው ኦርጋንም ፒያኖም ይጠይቃል፤ መዘመርና የጆሮ ፈተናም አለበት። ማለትም ሁለቱን ይዞ መምጣት እዚያ ግዴታ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የሲ ፈተና የሚባል አለ፤ በትርፍ ጊዜ ለሚያገለግሉ የሚሰጥ። ካንቶሩን ጠይቂው። እሱን ካለፍሽ በየአምልኮው እየተከፈለሽ መጫወት ትችያለሽ፤ ለተማሪ ጥሩ የኪስ ገንዘብ ነው። አንድ ነገር ግን ቀድመሽ አጣሪ፦ በሙሉ ጊዜ ቅጥር ላይ ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን አባልነት ይጠየቃል። የእናንተ ጉባኤ አባልነት እንዴት እንደሚታይ አሁኑኑ ብትጠይቂ ይሻላል፤ ተመርቀሽ አይሁን።

የምትመኚው የመድረክ ፒያኒስትነት ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርሽ። ያ ፈተና ሌላ ነው። ተፎካካሪዎችሽ ቀኑን ሙሉ ፒያኖ ላይ ናቸው። ለዚያ ዓመት ኦርጋኑን በሳምንት አንድ ትምህርት አድርጊው። አትተዪው፤ ቀንሺው። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ካሚል ሳን-ሳንስ ፓሪስ ማደሌን ቤተ ክርስቲያን ከ1858 እስከ 1877 እ.ኤ.አ. ኦርጋኒስት ሆኖ ሳለ በፒያኖውም አንደኛ ነበር። በ1886 እ.ኤ.አ. በጻፈው ሦስተኛ ሲምፎኒ ውስጥ ሁለቱንም መሣሪያዎች አስገብቷቸዋል። እርግጥ እሱ በ10 ዓመቱ ፓሪስ መድረክ ላይ የወጣ ጉደኛ ነው። በሱ ራስሽን አትለኪ።

ካንቶሩንና የፒያኖ አስተማሪሽን አገናኝተሻቸው ታውቂያለሽ? እጠራጠራለሁ። በአንቺ አማካይነት እየተጨቃጨቁ ነው። ለልምምድ ቀን ሁለቱንም ጥሪያቸው።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን እናትሽን ወደ ላይ ይዘሻቸው ውጪ። ከኮንሰርቱ ቀን በፊት፣ ሰው በሌለበት ሰዓት። አጠገብሽ አስቀምጪያቸውና እግርሽን እንዲያዩ አድርጊ። ወደ ኦርጋን የሚወጣው ደረጃ ብዙውን ጊዜ ጠባብና ጥምዝምዝ ነው፤ ነጠላቸውን ያዢላቸው።